ባለ ሦስት እግር

ከሂርማታ ገበያ፣ ከቆርቆሮው ጥግ፣
አባቴ ዋንዛውን ሲጠርብ፣ ሲልግ፣
ፍቅፋቂው ተጠቅልሎ ፀጉሬ ላይ ሲቀር፣
ይነግረኝ ነበረ የእንጨቱን ምስጢር፦
«አራት እግር ያለው ወንበር ይዋሻል፤
ወለሉ ከጎደለ አንዱ ይንጠለጠላል።
ሦስት ካቆምሽለት ግን፣ ድንጋይ ይሁን አፈር፣
መሬቱን ሳይጠይቅ ቁጭ ይላል ከምር።»

መምህር ተካልኝ፣ ዘጠነኛ «ሐ» ክፍል፣
ከሞተ ራዲዮ ሆድ ማግኔት ሲፈለፍል፣
«እዚህ ውስጥ» አለን፣ «እልፍ ቀስቶች አሉ፤
ሙቀት ሲበረታ ይተረማመሳሉ፣
ሲበርዳቸው ደግሞ ባንድ ፊት ይሰለፋሉ።»
እጄን አወጣሁና ጠየቅሁ፦ «ካልተስማሙስ?»
ደወሉ ቀደመኝ።
የዚያች ክፍለ ጊዜ ትርፍራፊ ነው የያዝኩት፣
እስከ ዛሬ ድረስ።

ቂጦ ፉርዲሳ አራት ዓመት፣ አራት ኪሎ ሁለት፣
ከዚያ ደብዳቤ መጣ፣ ማኅተም ያለበት።
አሥራ ሰባት በርጩማ፣ ሁሉም ንጹሕ ዋንዛ፣
በሳምንት ተሸጡ ለትኬት፣ ለቪዛ።
አሥራ ስምንተኛው ቀረ፤
አንድ እግሩ ላይ ስንጥቅ ነበረ።

ድሬስደን፣ የካቲት፣ ሌሊት፣ ሰሌዳ ፊት፣
ሣልኩ ሦስት ማዕዘን፣ በየጫፉ አቶም፣ በየአቶሙ ቀስት።
ሕጉ አንድ ነው፦ ጎረቤትህን ተቃወም።
አንዱ ሽቅብ አለ፣ ሁለተኛው ቁልቁል፤
ሦስተኛውስ? ላንዱ ቢያድር ሌላውን ሊበድል።
ለመጨረሻው ዜሮ ስንዝር ሲቀረው፣
አየር እንኳ ድንጋይ በሆነበት ብርድ፣ እሱን የሚይዘው
የለም። ካንዱ ጋር ተጣምሮ ሌላውን ያስባል፣
ጥምረቱን ሁሉ ባንዴ ይኖራል፤
ድንጋይ ውስጥ ያለ ፈሳሽ፣ ግን የማይፈስ።
ብቻዬን ሳቅኩ። አባባ፣
ያንተ ሦስት እግር የትም ያርፋል፣
የኔዎቹ ሦስት የትም አያርፉም።

ስምንት ወር በላችብኝ አንዲት የመቀነስ ምልክት፣
ገጽ መቶ አራት ላይ ተኝታ፣ ሳር ውስጥ እንዳለች እፉኝት።
ተያዘች። ሁለት ጽሑፍ ወጣ። ዶክተር ተባልኩ።
ተመለስኩ።

ቢሮዬ ቂጦ ነው፤ ዝናብ ጣሪያውን ሲደበድብ፣
የሠላሳ ስድስት አቶም ጠብ
ኮምፒውተሬ ሲያሰላ፣ መብራት ድርግም ይላል፤
የአሥራ አንድ ቀን ስሌት
ከቦዬ ጉማሬ ጋር ውሃ ውስጥ ይሰጥማል።
ሙኒር፣ ተማሪዬ፣ በስልኩ ብርሃን ደብተሩን እያየ፣
«ዶክተር ዘምዘም፣» አለኝ፣ «ለመሆኑ ይህ ነገር በዓይን ታየ?»
ለገንዘብ ጠያቂ ቅጽ መልስ አለኝ፣ የተተየበ፣ በሦስት ቅጂ።
ለሙኒር ግን አጣሁ።
በነጋታው መልእክት ደረሰኝ ከአንድ ወዳጅ፦
ያ የጻፍኩለት ክሪስታል፣ አሥር ዓመት ያመንኩት፣
ብርዱን ሲያጠነክሩበት፣
ረጋ። ቀስቶቹ ተሰለፉ።
እንደ ማንኛውም ማግኔት።

ወደ ሂርማታ ወረድኩ። የአባባ እጅ ይንቀጠቀጣል አሁን፤
ለወንድሜ ልጅ ሰጥቶታል መላጊያውን።
ያቺን ስንጥቅ በርጩማ ገልብጬ፣
በየእግሯ በጠመኔ ቀስት ሥዬ ተቀምጬ፣
ነገርኩት የሦስት ጎረቤት ሙግት፣
እንዴት እንደማይታረቁ፣
ከዚያም እንዴት እንደታረቁብኝ፣ የኔንም ስሕተት።

ዝም አለ። ስንጥቁን በጥፍሩ ዳበሰ።
«ስትመርጪው» አለኝ፣ «እንጨቱ እርጥብ ነበር?»
«እንጃ።»
«እርጥብ ከሆነ ሲደርቅ ይጣመማል፤
መጋዙ ምን አጠፋ? ልኩስ ምን አጠፋ?
ሌላ ዛፍ ፈልጊያ።»
እና ስለ ዋንዛ መወደድ ማውራት ጀመረ።

በባጃጅ፣ በጭቃ፣ ሽቅብ ስመለስ
መብራት መጥቶ ኖሯል።
ኮምፒውተሩ ባዶ ቢሮ ውስጥ በርቶ ይጠይቃል፦
ከየት ልጀምር?